የበረዶ እጅ ሥራ፤ ከበርገን እስከ ጎባ

በዩኒቨርሲቲያችን ስለ ውጭ አገር ጉብኝት ወሬ በተነሣ ቁጥር ከሚጠሩት አገሮች አንዷ ኖርዌይ ናት። በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፉት የቀን መቁጠሪያ ሥዕሎች መካከል አንዱ፣ ገደል በግራና በቀኝ ቆሞ፣ ሰማያዊ ውሃ ከመካከሉ ገብቶ፣ ከውሃውም ዳር ቀይና ቢጫ ቤቶች ተደርድረው የሚታዩበት ነው። ያን ሥዕል አይቶ «ምነው አንድ ቀን!» ያላለ ተማሪ ጥቂት ነው። ምኞቱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ያን አገር እንዲያ አድርጎ የሠራው ምን እንደ ሆነ ጠይቀን ብንረዳ፣ ያው ሠሪ በገዛ አገራችንም ሥራውን ትቶልን እንደ ሄደ እናውቃለን። ስፍራውም ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የባሌ ደጋ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው፣ በመጀመሪያ በርገን የምትባለው የኖርዌይ ከተማ ምን እንደምትመስልና አገሯን ምን እንደ ሠራው፣ ቀጥሎም ያው ኀይል በባሌ ያደረገውን፣ በመጨረሻም ጎባንና ሃረናን የሚጎበኝ ተማሪ ከአገሩ ውበት አልፎ ሊያስብበት የሚገባውን ጥያቄ ነው። ጥያቄውን አስቀድመን እንናገረው፤ ከተራራ የሚወርደው ውሃ የሁሉ ሲሆን፣ ተራራውን የመጠበቁ ድካም የማን ይሁን?

፩. በርገን

በርገን በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኝ የወደብ ከተማ ስትሆን፣ በሕዝብ ብዛት ከኦስሎ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። (ስለ ኖርዌይ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ንጉሥ ኦላቭ ኪሬ በ1070 እንደ ቆረቆራት ይነገራል። በመካከለኛው ዘመን ከሰሜን ጀርመን የመጡ የሃንዛ ነጋዴዎች በወደቧ ዳር የእንጨት መጋዘን ሠርተው፣ ከሰሜን የሚመጣውን የደረቀ ዓሣ እየገዙ እህል ይሸጡ ነበር። ብሪገን የሚባለው ያ የእንጨት ሰፈር አያሌ ጊዜ ተቃጥሎ አያሌ ጊዜ ከተሠራ በኋላ፣ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ከተማይቱን ሰባት ተራሮች ከበዋታል እየተባለ ይነገራል። ከሰባቱ የሚበልጠው ኡልሪከን 643 ሜትር ብቻ ነው። በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ለሚማር የአዲስ አበባ ተማሪ ይህ ቁጥር ያስቀው ይሆናል። ሆኖም ኡልሪከን የሚነሣው ከባሕር ጠርዝ ስለ ሆነ፣ ከታች ቆሞ ለሚያየው እውነተኛ ተራራ ነው። ፍሎየን ወደሚባለው ተራራ ደግሞ ከከተማው መካከል በገመድ የሚሳብ ባቡር ይወጣል። ባቡሩ ሥራ የጀመረው በ1918 ነው። በ1957 በወጣው የኖርዌይ ሕግ መሠረት፣ ያልታረሰ ምድር ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ጥፋት እስካላደረሰ ድረስ ማንኛውም ሰው በእግሩ ሊዘዋወርበት መብት አለው። ስለዚህ ተራራው ለበርገን ሰው የሩቅ ሥዕል ሳይሆን የጓሮው ያህል ነው።

ሥዕሉ የማያሳየው ነገር ዝናቡን ነው። በርገን በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ የአዲስ አበባ ዝናብ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዓመት ውስጥ ዝናብ የሚጥልባቸው ቀኖች ከ200 ያልፋሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ የመጣ ነፋስ ከተራራው ጋር ይጋጫል፤ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ሸክሙን ያራግፋል። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ ይያዝልን፤ ሃረና ስንደርስ እንፈልገዋለን።

፪. ፍዮርድ እንዴት ይሠራል?

ፍዮርድ ማለት ባሕር የገባበት የተራራ ሸለቆ ማለት ነው። ከበርገን በስተሰሜን የሚገኘው ሶኝነፍዮርድ 205 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አገሩ ውስጥ ይዘልቃል፤ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ሰው በጀልባ ሆኖ ግራና ቀኙን ገደል ሲያይ፣ ከእግሩ በታች ደግሞ ሌላ ገደል እንዳለ አይታየውም።

ይህን ሁሉ የቆፈረው የበረዶ ግግር ነው። በብርድ ዘመን በተራራ ላይ የወረደው በረዶ በበጋ ሳይቀልጥ ቀርቶ፣ ያንዱ ዓመት በሌላው ላይ እየተጫነ ይከማቻል። የታችኛው ከላይኛው ክብደት የተነሣ ተጨምቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ውፍረቱ በመቶ ሜትር በሚቆጠርበት ጊዜ ግን ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም፤ በገዛ ክብደቱ ተገፍቶ በየሸለቆው ቀስ እያለ ይወርዳል። በጉዞውም ላይ ከሥሩ ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። በረዶ ብቻውን ዓለት አይቆርጥም፤ በሆዱ ድንጋይ የያዘ በረዶ ግን እንደ ሞረድ ነው። በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ጊዜ ሲሞርድ ይኖራል።

ወንዝ የቆፈረው ሸለቆ ከታች ጠባብና ሹል ነው። የበረዶ ግግር የቆፈረው ግን ወለሉ ሰፊ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ልክ እንደ ገበቴ ነው። ግግሩ ባሕሩ አጠገብ ሲደርስ ጉልበቱ ስለሚደክም፣ አፉ ላይ ዓለቱን እምብዛም ሳይቆፍር፣ ከርቀት ተሸክሞ ያመጣውንም ድንጋይ እዚያው ስለሚጥል፣ ብዙ ፍዮርዶች መግቢያቸው ላይ እንደ ቤት ደፍ ያለ ከፍታ አላቸው። ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት ግግሩ ከዚያ ጠረፍ ሲያፈገፍግ፣ ባሕሩ ደፉን አልፎ ባዶውን ገበቴ ሞላው። የቀን መቁጠሪያችን ሥዕል እንግዲህ ይህ ነው።

፫. በረዶ በባሌ

«ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ብቻ ርቆ በሚገኝ አገር የበረዶ ግግር ከየት መጣ?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። መልሱ ከፍታ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር፣ በየ100 ሜትሩ አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። የባሌ ተራሮች ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ስሙም በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በዛሬው ዘመን በዚያ ከፍታ በረዶ ቢጥልም አይቆይም። ነገር ግን በብርዱ ዘመን የባሌ ደጋ ከዛሬው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዝ እንደ ነበር ተመራማሪዎች አስልተዋል። ይህም ለግግር በቂ ነበር።

ማስረጃው በምድሩ ላይ ተጽፏል። በከፍተኛዎቹ ሸለቆዎች ግግሩ ገፍቶ ያመጣው የድንጋይ ክምር እንደ ካብ ተጋድሞ ይታያል። ሊቃውንት ከነዚህ ድንጋዮች ናሙና ወስደው ከበረዶው ሥር ወጥተው ፀሐይ ካገኛቸው ጀምሮ ያለውን ዘመን በመለካት፣ የባሌ ግግር እጅግ ሰፍቶ የነበረው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ መሆኑን አመልክተዋል። በሳነቴ አምባ ላይ ደግሞ ድንጋዮች በረድፍ በረድፍ ተሰልፈው የሚታዩበት ስፍራ አለ፤ አንዳንዱ ረድፍ እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል፤ እስከ 15 ሜትርም ይሰፋል። ሰው ያረሰው ይመስላል እንጂ፣ ምድሩ እየረጋና እየቀለጠ ድንጋዩን ከአፈሩ የለየበት ምልክት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን በዚያ ብርድ ሰው መኖሩ ነው። ፊንጫ ሃበራ በሚባለው ዋሻ፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰዎች እየተመላለሱ ይኖሩ እንደ ነበር ተረጋግጧል። ምግባቸው ባመዛኙ በዚያው አምባ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ነበር፤ ጠብሰው ይበሉት እንደ ነበረ የተቃጠለው አጥንት ይመሰክራል። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ስፍራ ይለቅሙ ነበር። የሚጠጡትም ከግግሩ የሚቀልጠውን ውሃ ነበር። ይህ ጥናት የታተመው በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ የሰው ልጅ እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ ለመኖሩ ከሚታወቁት ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ነው። እንግዲህ ከባሌ ተራራ ውሃ መጠጣት ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም።

፬. ወደ ጎባ

መንገዱ ሁለት ነው፤ አንዱ በአሰላ፣ አንዱ በሻሸመኔ በኩል ነው። በሻሸመኔ የሚሄድ ሰው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ ያልፋል። በዚያው አካባቢ በዋቢ ሸበሌ ላይ የተሠራው የመልካ ዋከና የኤሌክትሪክ ማመንጫ አለ፤ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ለማጥናት የምናበራው መብራት ከዚያ ደጋ ውሃ ጋር ዝምድና እንዳለው ማሰብ ደስ ይላል።

ከአዳባ ቀጥሎ ዲንሾ ይመጣል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት በዚህ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ ስፋቱ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዲንሾ አጠገብ ባለው የጋይሳይ ሜዳ የደጋ አጋዘን በመንጋ ሲሰማራ ይታያል። ይህ እንስሳ በኢትዮጵያ እንጂ በሌላ አገር አይገኝም፤ ሳይንስም ያወቀውና ስም ያወጣለት በ1910 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከዲንሾ ወርደን ሮቤ እንገባለን። ሮቤ የባሌ ዞን ዋና ከተማና የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። የባሌ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ አንዱን ወቅት «ገና»፣ ሁለተኛውን «ቦና» ይለዋል። ከሮቤ በስተደቡብ 14 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ጎባ ትገኛለች። ባሌ ጠቅላይ ግዛት በነበረበት ጊዜ ዋና ከተማው ጎባ ነበረች። በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ጥድ የከበባት፣ ማታ ማታ ጋቢ የማትምር ከተማ ናት። በርገን ባሕሩን ከፊት፣ ተራራውን ከኋላ አድርጋ እንደ ተቀመጠች፣ ጎባም የስንዴውን ሜዳ ከፊት፣ የሳነቴን ግድግዳ ከኋላ አድርጋ ተቀምጣለች።

፭. ሳነቴ

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን አቋርጦ ያልፋል፤ ክረምት ከበጋ መኪና ከሚያስኬዱት የአፍሪካ መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው ነው ይባላል። መጀመሪያ ጥድና ኮሶ፣ ቀጥሎ አሜጃና አስታ፣ ከዚያም በኋላ ዛፍ የሚባል ነገር ሁሉ አልቆ ሰማይና ሣር ብቻ ይቀራል። በ4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋው ይህ ሜዳ፣ በአፍሪካ ካሉት ውርጫማ ደጋዎች ሁሉ ሰፊው ነው። ከሣሩ መካከል ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጅብራ ብቻ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ጭጋግ ውስጥ የቆመ ዘበኛ ይመስላል።

በዚህ ስፍራ ያለው የብርድ ሥርዓት ከኖርዌይ የተለየ ነው። በኖርዌይ ብርዱና ሙቀቱ በወራት ይፈራረቃሉ፤ በሳነቴ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ይፈራረቃሉ። በበጋ ወራት ቀን ፀሐዩ ፊት ያቃጥላል፤ ሌሊት ግን ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ኩሬው ይረጋል። ዕፅዋቱም ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው፤ ጅብራ ማታ ቅጠሉን ሰብስቦ እምቡጡን ከውርጭ ይከልላል። የአፍሪካን ከፍተኛ ተራሮች ዕፅዋት በሰፊው ካጠኑት መካከል ስዊድናዊው ኦሎቭ ሄድበርግ ይገኙበታል። ባለቤታቸው ኢንጋ ሄድበርግም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋር ሆነው፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ተመዝግበው በተከታታይ መጻሕፍት እንዲታተሙ ለብዙ ዓመታት ደክመዋል። የስካንዲናቪያ ሰው የእኛን ተራራ ለማየት እንዲህ ሲደክም፣ እኛ የእርሱን በሥዕል ብቻ ማድነቃችን ትንሽ ያሳፍራል።

በሣሩ ውስጥ ትልቁ ፍልፈል ይኖራል። በዓለም ላይ ከባሌ ተራሮች በስተቀር አይገኝም። እርሱን ፍለጋ ቀይ ቀበሮ በቀስታ ይራመዳል፤ ቆም ይላል፤ ጆሮውን ያቆማል፤ ከዚያም ይዘላል። በዓለም ያሉት ቀይ ቀበሮዎች ሁሉ ተቆጥረው 500 ያህል ቢሆኑ ነው፤ ከግማሽ የሚበልጡትም በዚሁ በባሌ ናቸው። አብረውን ይሄዱ የነበሩትን አንድ ባለ ፈረስ ሽማግሌ፣ «አባባ፣ ይህን አውሬ በእናንተ አገር ምን ይሉታል?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ጄዳላ ፈርዳ እንለዋለን ልጆቼ፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ባዝራ ልትወልድ ስትል እንግዴ ልጁን ለመብላት ይከተላታል፤ ውርንጭላውን ግን አይነካም» አሉን። ሳይንስም አብዛኛው ምግቡ ፍልፈልና አይጥ ነው ሲል የሽማግሌውን ቃል ያጸናል።

፮. ሃረና

አምባው በደቡብ በኩል ባንድ ጊዜ ያልቃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከላይ ከ4,000 ሜትር ተነሥቶ ደሎ መና ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ኖርዌይ ቢሆን ኖሮ ከገደሉ ግርጌ የሚጠብቀን ባሕር ነበር። በሃረና የሚጠብቀን ደመና ነው። ይህን ገደል የቆረጠው በረዶ ነው አንልም፤ ነገር ግን በርገንን የሚያዘንበው ሕግ እዚህም አለ። ከሕንድ ውቅያኖስ ወገን እርጥበት ተሸክሞ የመጣው ነፋስ ከገደሉ ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይቀዘቅዛል፤ ሸክሙንም በደኑ ላይ ያራግፋል። ሃረና ደን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በገደሉ አናት ያለው አስታ ቁጥቋጦ ሳይሆን እውነተኛ ዛፍ ነው፤ ከቅርንጫፉ የሽማግሌ ጢም የመሰለ ሽበት ተንጠልጥሏል። ዝቅ ሲሉ የሪራ መንደር ይገኛል፤ ከዚያም ቀርከሃው ይጀምራል። በቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ የሚባለው እንስሳ ይኖራል፤ ዋና ምግቡም የቀርከሃ ቅጠል ነው። ከዚያ በታች የትልልቅ ዛፎች አገር ነው። ከዛፎቹ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ከሥራቸውም ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና አለ። ሰዉ ይህን ቡና ለቅሞ ያደርቀዋል፤ ይሸጠዋል፤ የቀረውን በቤቱ ያፈላል። በሪራ የጠጣነው ቡና ከማር ጋር ቀርቦልን ነበር፤ ሁለቱም ከዚያው ደን የወጡ ናቸው።

፯. ውሃው የማን ነው?

ከባሌ ተራሮች ወይብ፣ ወልመል፣ ዱማል፣ እንዲሁም የገናሌና የዋቢ ሸበሌ ገባሮች ይነሣሉ። ወይብ በምሥራቅ በኩል ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም የተጠራና በምእመናን ዘንድ የተከበረ ስፍራ ነው። ከዚያ ወንዞቹ ወደ ኦጋዴንና ወደ ሶማሊያ በረሃ ይዘልቃሉ። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው ከዚህ ደጋ በሚወርደው ውሃ ይጠቀማል ተብሎ ይገመታል። የሳነቴ ረግረግና ሣር የክረምቱን ውሃ እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል፤ የአስታውና የሃረናው ዛፍም ጭጋጉን ይይዛል። ሣሩ ተግጦ አፈሩ ቢራቆት፣ ዛፉም ቢቃጠል፣ ውሃው በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ደረቅ ወንዝ ይሆናል። ጉዳቱ የሚታየው በደጋው ብቻ ሳይሆን ግመሉን ይዞ ወንዝ ዳር በቆመው የቆላ ሰው ላይ ጭምር ነው።

ይህ ሥጋት ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌና በቦረና ደኖች ላይ ታላቅ ቃጠሎ ተነሥቶ ለሳምንታት ነድዷል። እሳቱን ለማጥፋት የአገሩ ሕዝብና ወታደር ሲረባረብ፣ ተማሪዎችም በፈቃዳቸው ዘምተዋል። የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት ደግሞ እንደ እሳት ጩኸት የለውም እንጂ በየዓመቱ የሚሠራ ነገር ነው። ከሰዉ ጋር የወጣው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀይ ቀበሮ ስለሚያጋባ፣ ከ1991 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በሽታው እየተመላለሰ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። በዚህ ምክንያት ከ2018 ወዲህ ክትባትን በሥጋ ውስጥ አድርጎ ለቀበሮዎቹ የማብላት ሥራ ተጀምሯል።

ከዚህ በመነሣት «እንግዲያው ሰዉን ከተራራው ማስወጣት ነው» ብሎ መፍረድ ለከተማ ሰው ቀላል ነው። ነገር ግን በፓርኩ ክልል ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው ይኖራል። ከብትን በወቅቱ ወደ ደጋ፣ በወቅቱ ወደ ደን የመንዳት ልማዳቸው «ጎዳንቱ» ይባላል፤ ፓርክ የሚለው ስም ሳይወጣ የነበረ ነው። ሪራ ላይ ስለዚሁ ነገር ስንጫወት አንድ አባት፣ «ልጆቼ፣ ውሃው ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ክልከላው ግን እዚሁ እኛ ዘንድ ይቀራል» ብለውናል። ይህን ቃል በጥሞና ካሰብነው፣ ነገሩ የውበት ሳይሆን የፍርድ ነገር መሆኑን እናያለን።

በዚህ ረገድ ከኖርዌይ የምንማረው ከፍዮርዱ ይልቅ ሕጉን ነው። ኖርዌይ ከኤሌክትሪክ ኀይሏ ከመቶ 90 ያህሉን የምታገኘው ከተራራዋ ውሃ ነው። የውጭና የአገር ውስጥ ባለ ሀብቶች ፏፏቴዎቿን ለመግዛት በተሽቀዳደሙበት ዘመን፣ በ1917 ሕግ ወጣ። በዚያ ሕግ መሠረት ወንዝ ገድቦ ኀይል የሚያመነጭ ሁሉ ወንዙ ላለበት ወረዳ በየዓመቱ ገንዘብ ይከፍላል፤ ከሚያመነጨውም ኀይል በርካሽ ዋጋ ድርሻ ይሰጣል። ስለዚህ በተራራ ላይ ያለው ትንሽ ወረዳ ውሃው ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚያጣ ሳይሆን የሚያገኝ ሆነ። ተራራውን የሚጠብቀውም ስለ ተከለከለ ብቻ አይደለም፤ ስለሚጠቅመው ነው።

በባሌም ጅምር አለ። በሃረና ዙሪያ ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን ከመንግሥት ጋር የሚጠብቅበትና ከደኑም የሚጠቀምበት ሥርዓት ተዘርግቷል። ደኑ ባለመቆረጡ ምክንያት የቀረው የካርቦን ጭስ ተሰልቶ ለገበያ ቀርቧል። ኖርዌይ ራሷ ለኢትዮጵያ የደን ጥበቃ ገንዘብ ከሚሰጡት አገሮች አንዷ ናት። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ግን ምጽዋት ሰጪው ሲሰለች ሊቆም ይችላል። እኛ የምንለው፣ የደጋውን ውሃ የሚጠቀም ሁሉ፣ የመብራትም ሆነ የመስኖ ባለቤት፣ ከጥቅሙ ጥቂቱን ለጠባቂው የሚመልስበት የራሳችን ሕግ ያስፈልጋል ነው። ሕግና ኢኮኖሚ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲቸግራቸው ይህን ቢያስቡበት አገርን ይጠቅማሉ።

፰. ለሚሄድ ተማሪ

በመጨረሻ ለመሄድ ላሰበ ጥቂት ምክር እንስጥ። የሚሻለው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ግን ይበረታል። ጋቢ፣ ካፖርትና የዝናብ ልብስ መያዝ ግዴታ ነው፤ ሃረና በበጋም ሊያዘንብ ይችላልና። በሳነቴ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ራስ ያማል፤ ትንፋሽ ያጥራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት በዲንሾ ወይም በጎባ አድሮ ሰውነትን ማለማመድ፣ በአምባው ላይም አለመሮጥ ነው። ራስ ምታቱ ከጠና ወደ ታች ከመውረድ የተሻለ መድኀኒት የለም።

የፓርኩን መግቢያ በደንቡ መክፈል፣ መሪና ፈረስ ከአገሩ ሰው መከራየት፣ ቡናና ማር ከሃረና መግዛት ይገባል። ይህ ከላይ ያልነውን ሕግ በትንሹ በራስ ላይ መፈጸም ነው። ቀበሮ ሲያዩ ከመኪና ወርዶ አለመከተል፣ የበሉትን ትርፍራፊ አለመጣል፣ በአስታ አጠገብ እሳት አለማንደድ ነው። ከአገሩ ሰው ጋር ሲገናኙም «አከም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠት ብዙ በር ይከፍታል።

የበርገን ሥዕል ከግድግዳችን ይውረድ አንልም፤ ዕድሉ የገጠመው ሄዶ ይየው። ነገር ግን ከመሄዱ በፊት ሳነቴን ያየ ተማሪ፣ የበርገን ሰው «ይህን ሸለቆ በረዶ ቆፈረው» ብሎ ሲያስረዳው፣ «እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ሥራ አለው» ብሎ ሊመልስለት ይችላል። ቀጥሎም ስለዚያ የ1917 ሕግ አሠራር በዝርዝር ጠይቆት፣ መልሱን ጽፎ ይዞልን ቢመጣ፣ ከፎቶግራፉ ሁሉ የሚበልጥ ስጦታ አድርገን እንቀበለዋለን።